የአይጦቹ አልጋ

ያዳጊሪ የሚባል ሰው ሃይደራባድ ከተማ ጫፍ ላይ ባለ አንድ የመድኃኒት ምርምር ተቋም ውስጥ፣ ምድር ቤት ወርዶ አይጦችን ኤክስሬይ ማንሳት ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ድሮ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ያፍር ነበር። ፎቶ አንሺ ነኝ ይላል። የማንን ፎቶ ሲሉት፣ የአይጥ ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። የሠፈሩ ባጃጅ ነጂዎች እስካሁን ድረስ ጠዋት ሲያገኙት፣ አንዲት አይጥ ቤታችን ውስጥ ሙሽራ ሆናለችና የሠርግ ፎቶ በስንት ታነሳለህ እያሉ ያበሽቁታል።

ፎቶው ግን ተራ ፎቶ አልነበረም። ማሽኑ ትልቅ ፍሪጅ ያህላል። አይጧ ማደንዘዣ እያሸተተች ትተኛለች፣ ኤክስሬዩ እየዞረ ከየአቅጣጫው ብዙ መቶ ጊዜ ያነሳታል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይገጣጥምና የአይጧን አጥንት እንደ ሽንኩርት እየከተፈ ያሳያል። ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንኳ አይደበቅም። አይጧም አትሞትም። ትነቃና ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቺው አይጥ ትመጣና ስብራቷ ምን ያህል እንደገጠመ ይታያል። ያዳጊሪ ወጣት እያለ እዚያው ተቋም የአይጥ ቤት ጠራጊ ነበርና፣ ያኔ አጥንቱን ለማየት አይጧን መግደል የግድ እንደነበር ያስታውሳል። ማሽኑን የወደደው በዚህ ነው።

ማሽኑ ምንም ቢሆን ግን አይጧ ትንሽ ከተነቃነቀች ሥዕሉ ይበላሻል። ከማሽኑ ጋር የመጣው አልጋ ያዳጊሪ እንደሚለው ለጠገበች የፈረንጅ አይጥ የተሠራ ነው፤ የእነሱ አይጦች ውስጡ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ከኮምፒውተር ካርቶን ውስጥ የወጣ ስፖንጅ ወስዶ በምላጭ ቀርጾ የራሱን አልጋ ሠራ። በር ላይ ከሚሸጠው የሸንኮራ ጭማቂ ቤት የመጠጫ ቱቦ ለምኖ አመጣና በቁመቱ ሰንጥቆ የአይጧ እግር ቀጥ ብሎ የሚያርፍበት አደረገው። አይጧን ሲያስተኛ "ተኚ እናቴ፣ ቶሎ ነው የማስነሳሽ" ይላታል። አምስቱም ፎቅ ላይ ያሉት ተመራማሪዎች አይጦቻቸውን በሌላ ሰው እጅ ማስተኛት አይወዱም ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያዳጊሪ የኮንትራት ሠራተኛ ነው። በየዓመቱ ወረቀቱ ይታደሳል። ታሞ የቀረ ቀን አይከፈለውም፣ ጡረታ የለውም፣ ተቋሙ ሐኪም ቤት ሚስቱን አያሳክምለትም። ሚስቱ ባግያማ ደግሞ ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች። በዚያ ዓመት ግን ከላይ ትእዛዝ መጣ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሠሩ ኮንትራቶች ስማቸው በዲሴምበር ተልኮ ቋሚ ይሆናሉ ተባለ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ያዳጊሪ ሃምሳ የሚሞላው በፌብሩዋሪ ነው። በሁለት ወር ነው የዳነው። ባግያማ ይህን ስትሰማ ቀኑን በጣቷ ቆጥራ፣ እናትህ ሁለት ወር ዘግይታ የወለደችህ ለዚህ ነው አለችው።

ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የቢሮ ጸሐፊው ኒዛሙዲን ነበር። ኒዛሙዲን የያዳጊሪ የሻይ ጓደኛ ነው። ስሙን ሦስተኛ ቁጥር ላይ መጻፉን ነገረውና፣ ቋሚ ስትሆን ሻይ የምትከፍለው አንተ ነህ፣ እስከዛሬ የጠጣነው በሙሉ ይታሰባል አለው።

አሁን ወደ ፕራናቲ እንምጣ። ዶክተር ፕራናቲ ተቋሙ የገባችው ከስድስት ዓመት በፊት በተማሪነት ነው። የመጀመሪያ ቀን አይጥ እጇ ላይ ሸንታባት አልቅሳለች። ያዳጊሪ እጇን አስታጠባት፣ ከባግያማ ምሳ ዕቃ ኮምጣጣ ቢጫ ሩዝና አሬራ አካፈላት፣ ከዚያ አይጥን ጅራቷ ሥር እንዴት እንደሚይዟት፣ ስታሸትት ትንፋሿ ሲረጋ እንዴት እንደሚታወቅ አንድ በአንድ አሳያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባባይ ትለው ነበር። ባባይ ማለት እዚያ አገር የአባት ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ልጄ ይላታል። ልጅ የላቸውም እሱና ባግያማ። ባግያማ ምሳ ስታስር ሁልጊዜ አንድ ሰሃን ትጨምር ነበር፣ ያቺ ልጅ ከስታለች እያለች።

ዶክተር ከሆነች በኋላም አልተለወጠችም። ምድር ቤት ወርዳ እግሯን ወንበር ላይ አውጥታ የሱን አቻር፣ ያንን በቅመም የኮመጠጠ ማጣፈጫ፣ በጣቷ እየላሰች ትበላለች። ኒዛሙዲን አንድ ቀን አይቷት፣ ዶክተር ሆነሽም ጣትሽን ትልሻለሽ ሲላት፣ ዲግሪው የምላስ አይደለም አለችው። ያዳጊሪ ይህን ለብዙ ሰው አውርቶታል።

በዚያ ዓመት ፕራናቲ ትልቅ ሥራ ይዛ ነበር። አጥንት ቶሎ እንዲገጥም የሚያደርግ መድኃኒት ነው። እግራቸው የተሰበረ ሃያ አራት አይጦች አሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን ወስደዋል፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። ያልወሰዱትን ያዳጊሪ ከዳሰራ በዓል በፊት አነሳቸው። የወሰዱት ከበዓሉ ማግስት ነበር ተራቸው።

በዳሰራ ሰው ሁሉ የሚሠራበትን ዕቃ ያከብራል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፒንሳውን ያጥባል፣ ሾፌሩ መኪናውን አበባ ያለብሳል። ያዳጊሪም በዓመት በዓመት ማሽኑን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ቢጫ አበባ ያንጠለጥልለትና፣ ባግያማ ቤት ውስጥ ከእርድና ከሎሚ የሠራችውን ቀይ ዱቄት፣ ኩምኩም የሚሉትን፣ በቀለበት ጣቱ አንዲት ነጥብ ውጪኛው ብረት ላይ ያደርግለታል። ውጪ ብቻ ነው። የማሽኑን በር ዘግቶ ቆልፎ ነው የሚያከብረው። ውስጥ የወደቀች አንዲት ቅንጣት ሥዕሉ ላይ እንደምትወጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ኒዛሙዲን እንኳ እስላም ሆኖ በዚያ ቀን፣ የኔ ኮምፒውተር የተገኘው ምርቃት ሁሉ ያስፈልገዋል እያለ ለማሽኑ ከሚሰበረው ዱባ ቁራሽ ሊወስድ ይወርድ ነበር።

ፕራናቲ በዚያ ጠዋት አረንጓዴ ሐር ሳሪ ለብሳ መጣች። እናቷ ከቤተ መቅደስ ያመጣችላት ቀይ ዱቄት በትንሽ የብር ሙዳይ ይዛለች። አልጋውም ላይ አንዲት ነጥብ እናድርግ፣ ነገ የሚተኙት የኔ አይጦች ናቸው አለችው። ያዳጊሪ አይሆንም አላት። ተለማመጠችው፣ እሱም ሳቀና፣ ሥራሽን እጅሽ ነው የሚባርከው፣ አልጋውን ተይው አላት።

ከዚያ ነጩን ዱባ ይዞ ወጣ። ክፉ ዓይን እንዲርቅ ዱባ በር ላይ መሰበር አለበት፣ ያን ደግሞ የማሽኑ ሰው ራሱ ነው የሚሰብረው። የማሽኑን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ነበር። ለስድስት ዓመት ሲተውላት ነበርና ምንም አልመሰለውም።

ዱባውን ፈጥርቆ ሲመለስ የማሽኑ በር ክፍት ነው። ፕራናቲ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ስፖንጁ አልጋ ጫፍ ላይ፣ የአይጦቹ እግር የሚያርፍበት ቦታ አጠገብ፣ ብርቱካን የመሰለ ቀይ ነጥብ ተደርጓል።

ያዳጊሪ ተናደደ። ግን በዓል ነው፣ ልጅቱም ፊቷ በርቷል። አልኮልና ጥጥ አምጥቶ ጠረገው። ሙልጭ እስኪል ጠረገው። ማድረግ የነበረበትን ያውቅ ነበር። አልጋውን ጥሎ አዲስ መቅረጽ፣ መዝገቡ ላይም የሆነውን መጻፍ ነበረበት። አዲስ አልጋ ለመቅረጽ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አይጦቹ ደግሞ ለነገ ተዘጋጅተዋል። ከጻፈው ደግሞ እሷ ትጠየቃለች። አልጻፈም። ስፖንጅ ቀዳዳ እንዳለው እያወቀ፣ የጠረገው ከላይ ያለውን ብቻ እንደሆነ እያወቀ ተወው።

አሥራ ሁለቱ አይጦች በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ተነሱ። ሥዕሉ ሲወጣ ፕራናቲ ምድር ቤት ውስጥ ዘለለች። ስብራቱ ላይ ነጭ ነገር በዝቷል። ኮምፒውተሩ ሲቆጥረው መድኃኒቱን የወሰዱት አዲስ አጥንት እጥፍ አብቅለዋል አለ። ያዳጊሪ ሥዕሉን እየተጠጋ አየ። አንዳንዱ ነጭ ነጥብ ከአጥንት ይልቅ በጣም ነጭ ነው፣ ደግሞ ዳር ዳር ቆዳው ላይ ነው ያለው። አሳያት። እሷም ደነገጠችና፣ አይደለም ባባይ፣ አጥንት ሲያድግ እንደዚህ ነው አለችው። ዶክተሯ እሷ ናት። እሱ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመው። ደስም አለው፣ ልጁ አሸንፋለችና።

ከአንድ ወር በኋላ ነገሩ ፈነዳ። ሥራውን ገንዘብ ከፍለው የሚያሠሩት ሰዎች ፑኔ ከተማ ያለ ሌላ ላብራቶሪ ውስጥ ደግመው ሞከሩት። እዚያ አንድም አይጥ ምንም አላበቀለችም። የሃይደራባዱን ሥዕል አስልከው ሲያዩ ነጩ ነገር አጥንት እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው። ብረት ወይ እርሳስ ያለበት ዱቄት ነው፣ የአይጦቹ የተላጨ እግር ላይ ተጣብቋል ብለው ጻፉ። የተቋሙ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሴሻድሪ ሲያልፉ ሰው ግድግዳ ይጠጋ ጀመር።

ያን ሳምንት እሁድ ፕራናቲ ያዳጊሪ ቤት መጣች። ጣፋጭ ይዛለች፣ ለባግያማ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ከዚያው ከእናቷ ቤተ መቅደስ የመጣ ቀይ ዱቄት ይዛላታለች። ባግያማ ጉልበቷን እያሻሸች ተነስታ ሩዝ ቀቀለች፣ ኮምጣጣ ቅጠል ወጥ ሠራች። ፕራናቲ ሁለት ሰሃን በላች። ከበላች በኋላ ያዳጊሪን ደጃፉ ላይ ይዛው ወጣች።

"ባባይ፣ የዚያን ቀኑን ማንም አያውቅም አይደል?"

"ማን ያውቃል። እኔና አንቺ ነን።"

"ከጠየቁህ አላውቅም በል። እኔ የማሽኑ ችግር ነው እላለሁ። ማሽን ከሥራ አይባረርም። የኔ ስም ከተነሳ ግን አለቀልኝ፣ ስድስት ዓመት ለፍቼ።"

ያዳጊሪ ውሸት አይሆንለትም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ባግያማ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምትይዘው። ግን ልጅቱ እያለቀሰች ነው። እጁን አናቷ ላይ ጫነ። እዚያ አገር በሰው አናት ላይ እጅ ተጭኖ የተማለ መሐላ ከተፈታ የሚጎዳው ያ አናቱ የተያዘው ሰው ነው ይባላል። ከአፌ አይወጣም ብሎ ማለላት። እሷም ጎንበስ ብላ እግሩን ነካችና በባጃጅ ሄደች። ባግያማ ማታውን በሙሉ ልጅቱ ምን ሆና ነው ስትለው፣ የሥራ ጉዳይ ነው አላት፣ ጆሮውን በፎጣ ሸፍኖ።

ማክሰኞ ፕሮፌሰር ሴሻድሪ አስጠሩት። ዱቄቱን ማን ነው ማሽኑ ውስጥ ያስገባው አሉት። አላውቅም ጌታዬ አለ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩት። ክፉ ሰው አይደሉም። እውነቱን ብትነግረኝ ይሻልህ ነበር አሉት። ያዳጊሪ ደግሞ አላውቅም አለ። እንግዲያው ዓርብ የምድር ቤቱን ቁልፍ አስረክብ፣ ጉዳይህ በኮሚቴ እስኪታይ ስምህ ከቋሚዎቹ ዝርዝር ይወጣል አሉት። ያዳጊሪ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ኒዛሙዲን እዚያ አገኘው። ሻይ ቤት ወሰደው፣ ሻዩን ሳይጠጣ ቆየና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ይህን ማሳየት እንደማይፈቀድለት ያውቃል።

"የደረሰ ደብዳቤ በሙሉ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው" አለው። "እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ላንብብልህ። ግን እስክጨርስ እንዳትነሳ።"

ደብዳቤው የፕራናቲ ነው። ማሽኑን የሚያሠራው ያዳጊሪ የተባለው ሠራተኛ በዓል ባለ ቁጥር በራሱ እምነት ተነስቶ ማሽኑ ላይ ዱቄት ይቀባል፤ ደጋግሜ አስጠንቅቄው አልሰማኝም፤ ያልተማረ ሰው ስለሆነ ቅጣቱ እንዲቀልለት እለምናለሁ ይላል።

ያዳጊሪ ሻዩን አየው። ከዚያ ቀኑን አንብብልኝ አለ።

"ምን?"

"የተጻፈበትን ቀን።"

ኒዛሙዲን አየ። ቅዳሜ ነው የተጻፈው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ገቢ ተደርጎ ማኅተም ተመትቶበታል።

ያዳጊሪ ቀስ ብሎ ገባው። ቅዳሜ ጽፋ አስገብታ፣ እሁድ መጥታ ሁለት ሰሃን በላች ማለት ነው። አፉን በመሐላ ያሰረችው እሷን እንዲያድን አልነበረም፤ ሲጠየቅ ራሱን እንዳያድን ነበር። ኒዛሙዲን ብዙ ነገር ተናገረ፣ ተሳደበም፣ ያዳጊሪ ግን የሰማው ጥቂቱን ነው። ባግያማ ወጡ ውስጥ ጨው አንሷል ብላ ይቅርታ የጠየቀቻት ነበር የሚታሰበው።

ቤቱ ሲገባ ለባግያማ ነገራት። አልጮኸችም። ወደ ጓዳ ገብታ ፕራናቲ ያመጣችላትን በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ይዛ ወጣችና ቆሻሻ ላይ ልደፋው ነው አለች። ያዳጊሪ እጇን ያዛት።

"አትድፊው። የራስሽንም ጨምሪልኝ።"

የባግያማ ኩምኩም እርድ ነው፣ የሚበላ ነገር ነው። የፕራናቲ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ሱቅ የተገዛ ነው፤ እንደዚያ ብርቱካን የሚመስለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። ያዳጊሪ ይህን በትምህርት አላወቀም። ማሽኑ አጠገብ አሥራ ስምንት ዓመት ሲቀመጥ፣ ምን ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሌለ ሆኖ እንደሚጠፋ በዓይኑ ለምዶ ነው።

ሐሙስ፣ ቁልፉ እጁ ላይ ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ማሽኑን አስነሳ። ሁለት የመጠጫ ቱቦ ቆረጠ፣ አንዱን በባግያማ ዱቄት፣ ሌላውን በፕራናቲ ዱቄት ሞልቶ ጫፋቸውን በፕላስተር ዘጋ። አይጥ የሚተኛበት ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ተኙ ሊል ከአፉ ሊያመልጠው ነበር። ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ሲጨርስ ሥዕሉን አየ። በግራ ያለው ቱቦ ውስጡ ጥላ ይመስላል። በቀኝ ያለው ሚስማር የተሞላ ይመስል ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ልክ እንደ አይጦቹ እግር። ሁለት ቅጂ አትሞ በፖስታ ውስጥ ከተተ። መዝገቡ ላይም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዱቄቶቹ ከየት እንደመጡ ጻፈ። በዳሰራ ቀን ያልጻፈውን ባሰበ ጊዜ እስክሪብቶውን በጣም ተጭኖት ነበርና ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ተሰበሰበ። ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ፕሮፌሰር ሴሻድሪ መሃል ተቀምጠዋል። ፕራናቲ ዳር ላይ ናት። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ነች። ያዳጊሪ እንደ አጎቴ ነው፣ ብዙ አገልግሏል፣ እንዳታባርሩት እለምናለሁ፣ ጥፋቱ የትምህርት ማነስ ነው አለች። በለሰለሰ ድምፅ ነበር የተናገረችው። ያዳጊሪ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ተራው ሲደርስ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በግራ ያለው ሚስቴ የምትሠራው፣ እኔ በየዓመቱ የማሽኑ ውጪ ላይ የማደርገው ነው አለ። በቀኝ ያለው አይጦቹ እግር ላይ የተገኘው ዓይነት ነው፣ ሌላ ሰው ለሚስቴ የሰጣት ነው አለ። ፕሮፌሰሩ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። የገባቸው ይመስላል። ግን ከሦስቱ አንዱ ሰውዬ፣ ባለፈው ስትጠየቅ አላውቅም ብለህ አልነበር፣ ዛሬ ከየት አወቅህ አለው።

"ያኔ መሐላ ነበረብኝ ጌታዬ።"

"ለማን የማልከው?"

ያዳጊሪ እውነቱን ይዞ መጥቶ ስም መጥራቱ ግን አልሆነለትም። እጁ አሁንም ያ አናት ላይ ያለ መሰለው። ወደ ፕራናቲ ዞረ። ራሷ ትናገረው ብሎ ነበር። ትንሽ ጊዜ ሰጣት።

ፕራናቲ ፊቷ ነጭ ሆነ። ከዚያ፣ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ያሉ ይመስል፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ባባይ፣ ምለህልኝ አልነበር?"

ሦስቱም ሰዎች ሰሟት። እሷም እንደሰሟት ስታውቅ አፏን በሳሪዋ ጫፍ ያዘች። ፕሮፌሰር ሴሻድሪ ሥዕሉን አጥፈው አቃፊያቸው ውስጥ አስገቡትና፣ ያዳጊሪ፣ ሂድ ቁልፍህን ውሰድ አሉት።

ቁልፉ ተመለሰለት። ስሙ ግን አልተመለሰም። የቋሚዎቹ ዝርዝር ያለፈው ዓርብ ሄዶ ነበር፣ ሦስተኛው ቁጥር ላይ የሌላ ሰው ስም ሆኖ። ኒዛሙዲን ራሱ ነበር ሰርዞ የጻፈው፤ ያን ቀን ቤቱ ሄዶ እራት እንዳልበላ በኋላ ነገረው። ፕሮፌሰሩ ስሕተት ተፈጥሯል ብለው ሁለት ጊዜ ጻፉ። እውነትም ጻፉ፣ ኒዛሙዲን ነው ያተመው። መልሱ የመጣው በማርች ነው። አመልካቹ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ጥያቄው አይታይም ይላል፤ ሁለት መስመር ብቻ።

ፕራናቲ ጽሑፏ ተሰረዘ፣ እሷም ሌላ ከተማ ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወረች። ሥራዋን አላጣችም። ከመሄዷ በፊት ዕቃዋን ልትወስድ ምድር ቤት ወረደች። ያዳጊሪ አይጥ እያስተኛ ነበር። ጨርሶ እስኪዞር ቆማ ጠበቀችው። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ቅዳሜ ጽፈሽ፣ እሁድ ለምን መጣሽ?"

ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አንተን ካላየሁ አልችልም ነበር አለች።

"ደብዳቤውን ልመልሰው ብለሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እህ" አለ ያዳጊሪ። የሷ የሻይ ኩባያ መደርደሪያው ላይ ነበረ፣ አውርዶ አቀበላትና ወደ አይጧ ተመለሰ፤ ልትነቃበት ደርሳ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰማ።

በሚቀጥለው ዓመት ዳሰራ ደረሰ። ባግያማ ጉልበቷ ብሶባታል፣ ግን ተቀምጣ እርዱን በሎሚ አሸችለት። ያዳጊሪ ማሽኑን ወለወለ፣ አበባ አንጠለጠለ፣ ውጪው ብረት ላይ አንዲት ነጥብ አደረገ። ኒዛሙዲንም ወርዶ እንደ ልማዱ ኮምፒውተሩን አማ። ከዋራንጋል ከተማ የመጣ አዲስ ተማሪ ነበር፣ ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ያዳጊሪ አይጥ አያያዝ አሳይቶታል፣ ማደንዘዣውንም አሳይቶታል፣ ምሳ ግን አያካፍለውም። ባግያማም ትርፍ ሰሃን ማሰር ትታለች።

ዱባ የሚሰበርበት ሰዓት ሲደርስ ተማሪው፣ እኔ እዚህ ልጠብቅልዎ ጋሼ፣ ሄደው ይምጡ አለው። ያዳጊሪ እሺ አለ። ከዚያ የማሽኑን በር ከፈተ፣ አዲስ የቀረጸውን የስፖንጅ አልጋ አወጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ዱባውን በአንድ እጁ ታቅፎ ደረጃውን ወጣ። በር ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች፣ አልጋ ተሸክመህ የት ልትተኛ ነው እያሉ ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ዱባውን በአንድ እጅ መስበር ከባድ ነው፣ ሁለት ጊዜ አምልጦት በሦስተኛው ነው የተፈረከሰው። አልጋውን ግን ለማንም ያዝልኝ አላለም።